አሸንጌ የሚባል ሰርጓጅ መርከብ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ስለ መርከቦቹ ስጽፍ የምጠቀመው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ "ዓ.ም." ያልኩበት ግን የእኛው ነው።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። የ1928ቱን የጣሊያን ወረራ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ አሥር ስሞች ጻፍኩ፦ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ አላጌ፣ አራዳም፣ ተንቤን፣ ሽሬ፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ ጎንደር። "እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኳቸው። ግማሹ "ከተሞች" አለ፣ ግማሹ "ጦርነት የተደረገባቸው ቦታዎች"። አንዱ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ "ቲቸር፣ አሸንጌ ከተማ አይደለም፣ ሐይቅ ነው፤ አላጌና አራዳምም ተራራ ናቸው" ብሎ ሁላችንንም አረመን።

"ሁላችሁም ልክ ናችሁ" አልኩ። "ግን ሌላም ነገር ናቸው። አሥሩም የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች ስም ናቸው።"

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። "አሸንጌ ሰርጓጅ መርከብ!" እያሉ ተያዩ። አልፈርድባቸውም። እኛ ደገኞች ነን። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ በሕይወታቸው ጀልባ ያዩት የተከዜ ግድብ ውሃ ከያዘ በኋላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ በኩል ዓሣ ሲጠመድ ነው። አሸንጌን ግን ያውቁታል፤ ከሰቆጣ በኮረም በኩል ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ሁሉ ያየዋል። ያ ሐይቅ በየት ዞሮ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ገባ? በዚያው ክፍለ ጊዜ ጀምሬ አልጨረስኩትም። እዚህ ልጨርሰው።

ጣሊያን በጦር ሜዳ ስም መርከብ መሰየም የጀመረችው በሙሶሊኒ ዘመን አይደለም። በጥር 1887 ራስ አሉላ (አባ ነጋ) ዶጋሊ ላይ 500 ገደማ የሚሆን የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። በዚያው ጊዜ ጣሊያን እንግሊዝ አገር የተሠራ አንድ አዲስ ክሩዘር ልትረከብ ነበር። መርከቡ መጀመሪያ የታዘዘው ለግሪክ ነበር፤ ጣሊያን ስትገዛው ሌላ ስም ሰጥታው ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ግን ስሙን ለውጣ "ዶጋሊ" አለችው። ለሞቱት መታሰቢያ መሆኑ ነው። እኛ የድል ብለን የምናስታውሰው ስም እነሱ ዘንድ የሐዘን ስም ሆኖ ባሕር ላይ ወጣ ማለት ነው። በ1908 መርከቡን ለኡራጓይ ሸጡት፤ እዚያም ሌላ ስም ወጣለት።

ከዚያ አድዋ መጣ፣ 1888 ዓ.ም.። ከአድዋ በፊት ደግሞ አላጌና መቀሌ አሉ። በኅዳር 1888 ዓ.ም. ራስ መኮንንና ሌሎቹ መኳንንት አምባ አላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊን ጦር ደመሰሱ፤ ቶዜሊም እዚያው ሞተ። በጥር ወር መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የማጆር ጋሊያኖ ጦር ውሃ ተቆርጦበት ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛዎቹ ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ጦር ይዘው በዚያ ዘመቻ ነበሩ።

ጣሊያን ይህን ቂም 40 ዓመት ይዛ ቆየች። በ1928 ዓ.ም. ስትመለስ አድዋን ያዘች፣ አክሱምን ያዘች፣ መቀሌን ያዘች። ራስ ሙሉጌታ አራዳም ላይ፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተንቤን ላይ፣ ራስ እምሩ ሽሬ ላይ ተዋጉ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበረባቸው፤ የራስ እምሩ ጦር ገና ተከዜ አካባቢ ሳለ ጋዙ ወርዶበታል። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተሰልፈው ተዋጉ፣ አልሆነም። ከማይጨው የሚመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ዳር ሲያልፍ ከሰማይ ቦምብና ጋዝ ወረደበት። መደበቂያ የለውም፤ በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላው ሜዳ። የዚያን ቀን ከዚህ አካባቢ ሄዶ ያልተመለሰውን ሰው ማን ቆጠረው?

እንግዲህ ይህ በሆነ በወራት ውስጥ የጣሊያን ባሕር ኃይል አዲስ ዓይነት ሰርጓጅ መርከቦች ባሕር ላይ ማውረድ ጀመረ። ርዝመታቸው 60 ሜትር ገደማ፣ የሚይዙት ከ40 በላይ ባሕርተኛ ነው። በጠቅላላው 17 ናቸው። የመጀመሪያው በመስከረም 1936 ወረደ፤ ስሙም "አድዋ" ተባለ። ዓይነቱ በሙሉ "የአድዋ መደብ" ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ አክሱም፣ መቀሌ፣ አላጌ፣ አራዳም፣ ተንቤን፣ ሽሬ፣ አሸንጌ፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ ተከተሉ። የቀሩት አራቱ ከኤርትራና ከሶማሊያ የተወሰዱ ስሞች ናቸው።

ዶጋሊ የሐዘን ስም ነበር፤ እነዚህ ግን የድል ፉከራ ናቸው። "በ1896 ያዋረደን አድዋ ይኸው የኛ ሆነ" ማለት ነው። ስሙ አንድ፣ ጦርነቱ ሁለት፣ ትርጉሙም ሁለት። ሦስተኛው ጦርነት ደግሞ እየመጣ ነበር።

በሰኔ 1940 ጣሊያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። "መቀሌ" ከምፅዋ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር ወጣ። ገና ሳምንት ሳይሞላው የአየር ማቀዝቀዣው የሚሠራበት ጋዝ እያፈተለከ ባሕርተኞቹን መረዛቸው። ሰዎቹ እየተንገዳገዱ፣ አእምሯቸው እየሳተ መርከቡን ሱዳን አጠገብ ካለች ደሴት ድንጋይ ጋር አላተሙት፤ በዚያው ጠፋ። ይህን ስናገር አንዲት ተማሪ "ጋዝ!" አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። የተከዜውን ጋዝ የተማርነው ባለፈው ሳምንት ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

"ጎንደር" እስክንድርያ አጠገብ መስከረም 30 ቀን 1940 ሰመጠ። ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 30 ቀን 1941፣ "አድዋ" በምዕራብ ሜዲትራኒያን ከነሰዎቹ ሰመጠ። "አድዋ"ን ካሰመጡት ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች አንዱ ማን ይባላል መሰላችሁ? "ጉርካ"።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የጉርካ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ጉርካዎች የኔፓል ተራራ ሰዎች ናቸው፤ እንደኛው ደገኛ፣ አገራቸውም እንደኛው ባሕር የለውም። ለእንግሊዝ በወታደርነት በማገልገል የታወቁ ናቸው። በስማቸው የተጠራ የጦር መርከብ ነበረ፤ በሚያዝያ 1940 ኖርዌይ አጠገብ በአውሮፕላን ተመትቶ ሰመጠ። የጉርካ ክፍለ ጦር ወታደሮችና መኮንኖች ይህን ሲሰሙ የአንድ ቀን ደመወዛቸውን አዋጡና ገና በመሠራት ላይ የነበረ ሌላ መርከብ ስሙ ተለውጦ "ጉርካ" ተባለ። ባሕር የሌላቸው ሰዎች ስማችን ባሕር ላይ ወድቆ አይቅር አሉ። ያ ሁለተኛው "ጉርካ" ነው "አድዋ"ን ያሰመጠው። ራሱም አራት ወር ሳይሞላ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሰመጠ። የሁለት ተራራ አገሮች ስም ውሃ ላይ ተገናኝቶ ተጠፋፋ፤ አንዱ ስም ግን በባለቤቶቹ ፈቃድ የወጣ ነበር፣ ሌላው የተወሰደ።

ባሕር ኃይሎች ስምን የሚያወርሱትም ለዚህ ነው። መርከብ ብረት ነው፤ ይዝጋል፣ ይሰምጣል፣ ይሸጣል። ስሙ ግን ለሚቀጥለው ሲተላለፍ አዲሶቹ ባሕርተኞች ያላዩትን ጦርነት ክብር ይወርሳሉ፤ ጠላትም "ያሰመጥኩት ተመልሶ መጣ" ይላል።

ወደኛ ስሞች ልመለስ። "ተንቤን" በነሐሴ 1941 በእንግሊዝ ክሩዘር ተገጭቶ ሰመጠ። "ደሴ" በ1942፣ "አሸንጌ" በሐምሌ 1943 ሲሲሊ አጠገብ ወደ ታች ወረደ። "አክሱም" በነሐሴ 1942 በአንድ ጊዜ በተኮሳቸው ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታ፤ ሁለት የእንግሊዝ ክሩዘሮችንና ለማልታ ነዳጅ የጫነችውን "ኦሃዮ"ን። በሰርጓጅ መርከብ ታሪክ እስከዛሬ የሚነሣ ምት ነው። የ"አላጌ" ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ በሰኔ 1942 የራሱን ወገን፣ የጣሊያንን አጥፊ መርከብ፣ የጠላት መስሎት መትቶ አሰመጠ። ከ17ቱ ጦርነቱን ተርፎ የወጣው ይኸው "አላጌ" ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር ከኔ ጋር አስቡ። እውነተኛው አምባ አላጌ በነሐሴ 1942 የማን ነበር? የኛ። የጣሊያኑ የምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የአኦስታው መስፍን በዚሁ በአላጌ ተራራ ላይ ተከቦ እጁን የሰጠው በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነበር። ጣሊያን በኢትዮጵያ የያዘችው የመጨረሻው ምሽግ ጎንደር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ወደቀ። ተራሮቹና ከተሞቹ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ ስማቸው ግን ባሕር ውስጥ የጣሊያንን ባንዲራ ይዞ ይዋጋ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ስሙና ቦታው በተለያየ ወገን ተሰልፈው ነበር ማለት ነው።

ይህ በደንብ የሚታየው በ"ሽሬ" ነው። ጎንደር ከወደቀ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1941 ማታ፣ "ሽሬ" የተባለው ሰርጓጅ መርከብ በድብቅ እስክንድርያ ወደብ ተጠግቶ ስድስት ጠላቂዎችን አወረደ። ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ፈረስ በሚጋለቡ ሦስት ቀርፋፋ ቶርፔዶዎች ላይ ተቀምጠው በጨለማ ወደቡ ውስጥ ገቡ፤ ፈንጂያቸውን ከመርከቦቹ ሆድ ሥር አኖሩ። ንጋት ላይ "ኩዊን ኤልሳቤጥ"ና "ቫሊያንት" የተባሉት ሁለት ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ፈንድተው ወደቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ለጣሊያን ባሕር ኃይል በዚያ ጦርነት ከዚህ የበለጠ ገድል የለም። "ሽሬ" ራሱ በነሐሴ 1942 ሃይፋ አጠገብ ተመትቶ ከነሰዎቹ ሰመጠ። በ1984 ጣሊያኖች ተመልሰው የባሕርተኞቻቸውን አፅም ከባሕር አውጥተው አገራቸው ወሰዱ።

ስሙም አልቀረም። ዛሬ፣ አሁን ይህን በምታነቡበት ሰዓት፣ የጣሊያን ባሕር ኃይል "ሽሬ" የሚባል ሰርጓጅ መርከብ አለው። በ2007 ሥራ የጀመረ ዘመናዊ መርከብ ነው። እዚያ ላይ የሚያገለግል የ20 ዓመት ወጣት "ሽሬ" ሲባል ልቡ የሚሞቀው ስለ እስክንድርያ ሌሊት ነው። ተከዜን፣ ራስ እምሩን፣ ጋዙን አያስብም። ልክ ነው፣ ከየት ይሰማዋል? ስሙ ከቦታው ተነቅሎ በሌላ ታሪክ ላይ ተተክሏል። በጣሊያንኛ "አምባራዳን" የሚል ቃል እንዳለ ታውቃላችሁ? ትርምስ፣ ግርግር ማለት ነው፤ ምንጩ የአምባ አራዳም ጦርነት እንደሆነ ይነገራል። ልጁ ዕቃውን ሲያዝረከርክ እናቱ "ይሄ ምን አምባራዳን ነው!" ትለዋለች። ስንት ሰው ያለቀበት ተራራ።

"ታዲያ ጣሊያኖች ስማችንን ሰረቁን" ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ግን እሱ አይደለም። እኛስ?

እኛም ስም እናወርስ ነበር፤ በመርከብ ሳይሆን በፈረስ። አላጌ ላይ የተዋጉት ራስ መኮንን የፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ "ቃኘው" ብለው ሰየሙት። አላጌ ላይ የተሰማ ስም ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ተራራ ላይ ተዋጋ። ያን ጊዜ የኮሪያው ወታደር ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቅ ነበር።

መርከብም ነበረን። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር፤ የታሪኳ አካሄድ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ጣሊያኖቹ አንድ ስም ለብዙ መርከብ ሰጡ፣ እሷ አንድ መርከብ ሆና ሁለት ስም ያዘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት "ኦርካ" ተብላ የአሜሪካን ባንዲራ ይዛ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተዋግታለች። በ1962 እኛ ተረከብናትና "ኢትዮጵያ" ሆነች፤ ስንት የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን ተማረባት። በ1991 ወደብ ሲጠፋ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አፅሟን ፍለጋ የሄደ የለም፤ ስሟን የወረሰ መርከብም እስካሁን አላየንም።

ወደ ክፍሌ ልመለስና ልጨርስ። "ሽሬ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድም "ራስ እምሩ" ያለ የለም። እነሱ ሽሬን፣ መቀሌን፣ ተንቤንን፣ ኮረምን የሚያውቁት ከባለፈው ጦርነት ነው፣ ከዜና። አንዳንዶቹ ከዜና ብቻም አይደለም፤ ጦርነቱ ደጃቸው ድረስ መጥቶ ቤት ንብረት ጥለው የሸሹ፣ ዓመት ትምህርት ያቋረጡ፣ ወንድም ያጡ ናቸው። ተከዜን ተሻግሮ ማዶ ያለው እኩያቸውም ስለኛ ቦታዎች ስም ሲሰማ የሚሰማው ይኸው ይመስለኛል። የራስ እምሩን ሽሬ የባለፈው ጦርነት ሽሬ ሸፈነው። አያቶቻቸው ጎን ለጎን የወደቁበት ስም ለልጆቹ የተጣሉበት ስም ብቻ ሆነ። ይህን ያደረገው ጣሊያን አይደለም።

የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ በጣሊያን ላይ የዋግና የላስታን አመፅ መርተው በመስከረም 1930 ተገደሉ፣ አንገታቸው ተቆረጠ። ይህ የሆነው እዚሁ በኛ አገር ነው። ከአርባ ምናምን ተማሪ ስማቸውን የሰሙት ሦስት ነበሩ። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የኛ የአስተማሪዎቻቸውና የወላጆቻቸው ነው። እኔም ራሴ ስለ "ሽሬ" መርከብ ያነበብኩትን ያህል ስለ ሽሬ ጦርነት ከሽማግሌ አፍ ጠይቄ አልጻፍኩም። ጠይቄ ልጽፍላቸው የምችል አባቶች ነበሩ፤ ዛሬ ብዙዎቹ የሉም።

ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፣ ለእናንተም ልስጣችሁ። ቤት ውስጥ ካለ ትልቅ ሰው ጋር ተቀመጡና ስለ አንድ የጦር ሜዳ ስም ጠይቁ፦ ከቤተሰባችን ማን ሄደ? ማን ተመለሰ? ከጎኑ የነበረውስ ሰው የየት አገር ሰው ነበር? ይህቺን ሦስተኛዋን አትርሱብኝ። ያገኛችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አሰባስቤ ለክፍል እጠቀምበታለሁ።

ተማሪዎቹን አንድ ጥያቄ ጨምሬላቸው ነበር። "ነገ ኢትዮጵያ አዲስ የጦር መርከብ ቢኖራት ማን ትሉታላችሁ?" አብዛኛው "አድዋ" አለ፤ "አድዋን እናስመልስ" ያለም አለ፣ ወድጄለታለሁ። "ተከዜ" ያለ አለ፣ "ዋግ" ያለ አለ፣ "ጣይቱ" ያሉ ሴቶች አሉ። ባለፈው ጦርነት ከአበርገሌ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ልጅ ወረቀቷ ላይ እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ "የጦር ሜዳ ስም አይሁን እንጂ ሌላው ሁሉ ይሁን።"

ከ10 ስንት እንደምሰጣት እስካሁን አልወሰንኩም። እናንተ ብትሆኑ ስንት ትሰጧታላችሁ?

ቸር እንሰንብት።